ሦስት መደርደሪያ፣ አንድ ሚዛን

ንባብ በብቸኝነት የሚፈጸም ተግባር ይሁን እንጂ በንባብ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ማኅበራዊ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ሆነ በባህል አዳራሽ አንድ ሰው «ሰሞኑን ምን እያነበብክ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በእጁ የያዘው የታሪክ መጽሐፍ እንደሆነ ርእሱን ከነደራሲው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። የፍቅር ልብ ወለድ እንደሆነ «እንዲያው እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ ነው» የሚል ማስተባበያ ያስቀድማል። ጠንቋይና ዘንዶ ወይም ገና ያልመጣ ዘመን የሚተረክበት ምናባዊ ድርሰት እንደሆነ ደግሞ መጽሐፉን ለልጆቹ የገዛው መሆኑን ሳይጠየቅ ይገልጻል። በዚህ ትንሽ ትዕይንት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይመረመር የኖረ የፍርድ ሥርዐት ይገኛል። እንደ ሥርዐቱ ከሆነ ታሪክ ያነቃል፤ ፍቅር ያዘናጋል፤ ምናብ ያደነዝዛል።

ይህ ፍርድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ የአንድ ግለሰብ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊነሣ ባልተገባው ነበር። ነገር ግን በዚሁ ልማድ መሠረት ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይመረጣል፤ ወጣት ደራሲ ይበረታታል ወይም ይሸማቀቃል፤ ሂስ ይጻፋል ወይም ሳይጻፍ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልማዱ አንባቢውን በሁለት አቅጣጫ የሚያስተው መሆኑ ነው። «የፍቅር ነው» የተባለውን ሳያነብ እንዲንቅ፣ «ታሪክ ነው» የተባለውን ሳይመረምር እንዲያምን ያደርገዋል። ንቀቱም እምነቱም የሚመነጩት ከአንድ ስንፍና ነው። መጽሐፍ መመዘን ያለበት በተቀመጠበት መደርደሪያ አይደለም፤ ለአንባቢው የገባውን ቃል በመክፈሉ ወይም ባለመክፈሉ ነው። የፍቅር ድርሰት የራሱ ዕዳ አለበት፤ ምናባዊው የራሱ፣ ታሪክም የራሱ። ዕዳውን የሚጠይቀው አንባቢ ግን አንድ ነው፤ ሚዛኑም አንድ ሊሆን ይገባዋል።

ለክርክሩ ግልጽነት አንድ ትጉ አንባቢ ይታሰብ። ሰውየው በአንዲት የወረዳ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው። ደመወዙ መጽሐፍ እንደ ልብ አያስገዛውምና ያገኘውን ሁሉ በውሰት ያነባል፤ ያነበበውንም በአንድ ደብተር ላይ በሁለትና በሦስት መስመር ይመዘግባል። በአንድ ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሁለተኛ ጊዜ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን፣ «አልወለድም»ን፣ «ዴርቶጋዳ»ን፣ «የቴዎድሮስ እንባ»ንና «ኦሮማይ»ን አንብቧል። በመካከሉም በየመንገዱ ዳር በሸራ ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡት «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ጽሑፍ በሽፋናቸው ላይ ካለባቸው መጻሕፍት ሁለት ሦስት ጨምሯል። ደብተሩ ሲገለጥ የሚታየው ግን ለልማዳዊው ፍርድ የሚመች አይደለም። ከፍቅሩ መጽሐፍ አንጻር «ስለ መሬትና ስለ ግብር ብዙ ተማርኩ» የሚል፣ ከታሪኩ መጽሐፍ አንጻር ደግሞ «ይህን ማን አየ? ማንስ ሰማ?» የሚል ማስታወሻ ሰፍሯል። እንዲህ ያለው አንባቢ ሊደመጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ከመደርደሪያው ስም ይልቅ መጽሐፉን አንብቧልና።

ግድግዳው የቆየ አይደለም

ፍቅርን፣ ተአምርንና ታሪክን በሦስት ክፍል ለያይቶ ማስቀመጥ በአገሪቱ የንባብ ባህል ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው የሚል ቢኖር ማስረጃው አይረዳውም። በ14ኛው መቶ ዓመት በግእዝ የተጠናቀረው «ክብረ ነገሥት» የንግሥተ ሳባን ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ፣ የንጉሥ ሰሎሞንን ብልሃት፣ የልጃቸውን የቀዳማዊ ምኒልክን መወለድና የታቦተ ጽዮንን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት በአንድ ላይ ይተርካል። ይህ ድርሰት ፍቅር ነው? ተአምር ነው? ወይስ ታሪክ? ለዘመናት ያነበቡትና ያዳመጡት ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ አላነሡም፤ ሦስቱም በአንድ ጥራዝ ውስጥ ነበሩና።

የዚህ ጥራዝ ኀይል እስከ ምን ይደርስ እንደነበር ከአንድ ድርጊት መረዳት ይቻላል። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላን በያዘ ጊዜ ከዘረፋቸው የብራና መጻሕፍት መካከል የ«ክብረ ነገሥት» ቅጂ ይገኝ ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ይህ መጽሐፍ በሌለበት ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው ገልጸው እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ፤ መጽሐፉም በ1872 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1923 ዓ.ም. እና በ1948 ዓ.ም. የወጡት ሕገ መንግሥታት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ በሚመዘዝ ሐረግ ላይ መሠረቱት። የአንድ ንጉሥና የአንዲት ንግሥት የፍቅር ታሪክ የሕግ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ «የፍቅር ወሬ ቁም ነገር የለውም» የሚለው ሰው፣ በፍቅር ታሪክ ላይ የቆመ ሥርዐተ መንግሥት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሲገዛ መኖሩን በምን ያስረዳል?

የአማርኛ ልብ ወለድም ሲወለድ ግድግዳውን አያውቀውም ነበር። በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተደርሶ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመውና በተለምዶ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጦርነትና ምርኮ፣ መንትዮችና ስደት፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድና በመጨረሻም ጋብቻ የተሰባሰቡበት ነው። አንባቢው የጦር ታሪክ አለ ብሎ ፍቅሩን አልዘለለም፤ ፍቅር አለ ብሎም መጽሐፉን አልጣለም። ግድግዳው የተሠራው ዘግይቶ፣ ያውም በአንባቢው ሳይሆን በፈራጁ ነው።

የፍቅር ድርሰት ዕዳ

የፍቅር ልብ ወለድ የሚወቀስበት ዋና ምክንያት ወጣቱን ከኑሮው አውጥቶ በሕልም ያንሳፍፋል የሚል ነው። ይህ ወቀሳ ለብዙ መጻሕፍት እውነት መሆኑን መካድ አይገባም። ፍቅረኞቹ የቤት ኪራይ የማይከፍሉበት፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ የማይታወቅበት፣ ጀግናው መኪና እንጂ ደመወዝ የሌለው፣ ጀግናዪቱም ውበት እንጂ አሳብ የሌላት ድርሰት በየጊዜው ይታተማል። ነገር ግን የእነዚህ መጻሕፍት ጥፋት ስለ ፍቅር መጻፋቸው አይደለም፤ ስለ ፍቅር ሳይጽፉ መቅረታቸው ነው። ፍቅር በሰዎች መካከል የሚደርስ ነገር ነው፤ ሰዎችም የሚኖሩት በመሬት ላይ፣ በዘመድ መካከል፣ በሥራና በዕዳ ውስጥ ነው። እነዚህን ሁሉ አውጥቶ የጣለ ድርሰት የሚቀረው ፍቅር ሳይሆን ሁለት ስሞች ብቻ ናቸው።

ለዚህ ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የሚያቃጥለው ደራሲው ስለ ስሜታቸው ብዙ በመናገራቸው ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል የቆመውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥረው ስላስቀመጡት ነው። የትውልድ ሐረግ ቆጠራ አለ፤ የእናት ስእለት አለ፤ የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት አለ፤ ከገበሬው ላይ የሚፈለገው መማለጃ፣ ገበሬውም «አይሆንም» ብሎ መነሣቱ አለ፤ ይህን ሁሉ እያየ የሚናገረውና ስለ መናገሩ «ጉዱ» የተባለው ካሣ አለ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ፍቅሩ ይሟሽሻል። የጎጃም ገበሬ የተነሣበት ምክንያትና ሰብለ ወንጌል ባል ያጣችበት ምክንያት አንድ መሆኑን ያሳየ መጽሐፍ «የፍቅር መጽሐፍ ብቻ ነው» ቢባል የሚያፍረው መጽሐፉ ሳይሆን ባዩ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜም ያዳመጠው ሕዝብ ከመሬት ሥርዐቱ ለይቶ ፍቅሩን፣ ከፍቅሩ ለይቶ መሬቱን አላደመጠም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ በታላላቅ ሥራዎች ብቻ ሊወሰን አይገባም፤ የተናቀው ወገን ራሱ ሊመሰክር ይገባዋል። ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የአሜሪካዊቱን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መልሷል። ወረቀት አልነበረምና የጻፈው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣ ወረቀት ላይ ነበር፤ ሦስት ሺህ ያህል ቁራጭ ወረቀት ፈጅቷል። ቁራጮቹ ከእስር በሚፈቱ ሰዎች አማካይነት በስውር ወጥተው፣ በኋላም ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለመታተም በቅተዋል። በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ግዙፍ መጽሐፍ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። በዚያ ክፍል የነበሩት ሰዎች ነገ እንደሚኖሩ እርግጠኛ አልነበሩም፤ ለሥራ ፈትነት የሚያውሉት ትርፍ ጊዜም ሆነ ትርፍ ወረቀት አልነበራቸውም። እንዲህ ባለው ስፍራ ሰዎች ሕይወታቸውን ለአደጋ እያጋለጡ ያቆዩትን የድርሰት ዓይነት፣ በተመቸ ወንበር ላይ የተቀመጠ ፈራጅ «መዘናጊያ» ብሎ ሊያጣጥለው ምን ሥልጣን አለው?

ሆኖም ትጉው አንባቢ በዚህ ላይ አይቆምም፤ መቆምም የለበትም። መጽሐፉ በጦርነት የወደመች አንዲት አገርና ለመኖር የምትታገል አንዲት ሴት በታላቅ ጥንካሬ ይስላል። ነገር ግን የጆርጂያን የጥጥ እርሻዎች በባለቤቶቹ ዓይን ብቻ ያያል፤ ባሪያዎቹን በባርነታቸው ደስተኞች አስመስሎ ያቀርባል፤ ጥቁሮችን ለማሸበር የተቋቋመውን ጭንብል ለባሽ ቡድንም እንደ ክብር ጠባቂ ያሳያል። ይህ የታሪክ ሐሰት ነው። ሐሰቱም ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው በፍቅር ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ነው። «የፍቅር መጽሐፍ ነውና ታሪኩ አይጠየቅም» ያለ አንባቢ ሐሰቱን ሳያውቀው ይውጠዋል። እንግዲህ የፍቅርን መጽሐፍ መናቅ ከሐሰት አያድንም፤ ከሐሰት የሚያድነው መጽሐፉን በቁም ነገር አንብቦ መጠየቅ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ምን ማድረግ ይገባል? አሊስ ራንዳል የተባለች አፍሪካ አሜሪካዊት ደራሲ መልሱን በ2001 እ.ኤ.አ. ሰጥታለች። ያንኑ ዓለም ከባሪያ እናት በተወለደች ሴት አንደበት እንደገና ተረከችው። የሚቸል ሥራ ባለመብቶች የመጽሐፉን መታተም ለማስቆም ክስ ቢመሠርቱም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እገዳውን አንሥቷል። መጽሐፍ በመጽሐፍ ተመለሰ። ከዚህ የተሻለ ሂስ ሊገኝ አይችልም።

የምናብ ዕዳ

ምናባዊ ድርሰት በአማርኛ እንግዳ ነገር ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። በአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ ያደገ ሰው ይህን ሊል አይገባውም። ጅብ የሚናገርበት፣ ዝንጀሮ የሚፈርድበት፣ ሙት የሚመለስበት የተረት ዓለም የሕዝቡ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ተረት አንድ ጥብቅ ሥርዐት ነበረው። ነጋሪዋ ስትጀምር በታወቀ ቃል በሩን ትከፍታለች፤ አዳማጩም በታወቀ ቃል ይመልሳል። ስትጨርስም ተረቷ እንዲመለስላትና አፏ በዳቦ እንዲታበስላት ትጠይቃለች። ልጁ ወደ ምናብ መግባቱንም መውጣቱንም ያውቃል። ጅቡ እንዳልተናገረ እያወቀ፣ ጅቡ የተናገረውን ግን ለዕድሜ ልኩ ይይዛል።

በጽሑፍ ከቀረቡት ምናባዊ ድርሰቶች ይህን ሥርዐት በድፍረት የተጠቀመበት የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። በማኅፀን ያለ ፅንስ በዚህ ዓይነት ዓለም ላይ አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ማንም አንባቢ ፅንስ እንደማይናገር ያውቃል፤ ደራሲውም አንባቢው እንዲያምነው አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፅንሱ ቢናገር ምን የሚል ይመስላችኋል? ጥያቄው ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባላስፈራ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ ግን በመንግሥት ተያዘ፤ እንዳይሸጥም ተከለከለ። የወቅቱ ባለ ሥልጣናት ምናባዊ ድርሰት ያደነዝዛል ከሚሉት ሰዎች ይልቅ የምናብን ኀይል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የሚያደነዝዝ መጽሐፍ አይታገድማ!

በሌላ በኩል ምናቡ በሩን ሲደብቅ የሚደርሰውንም ማየት ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከዘመናዊ የጠፈር ሳይንስ ጋር አገናኝቶ እጅግ ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ መልሷል። ይህ ታላቅ አገልግሎት ነው፤ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ወጣት ወረፋ ይዞ እንዲያነብ ያደረገ ድርሰት በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ደራሲውም ሥራውን ልብ ወለድ ብሎ አቅርቧል። ነገር ግን ጥንታዊ ምስጢርን ከሳይንስ ጋር የሚያጋቡ ድርሰቶች ሲበዙ፣ ከአንባቢዎቹ መካከል ልብ ወለዱን እንደ ዜና የሚቀበሉ፣ በገዳም ውስጥ የተሰወረ የጥንት ቴክኖሎጂ አለ ብለው የሚከራከሩ መኖራቸው ማንም መምህር በክፍሉ የሚያየው ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የደራሲው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ምናባዊ ድርሰትን ከክፍል ውጭ ያስቀረው ትምህርት ቤትም ተጠያቂ ነው። ተማሪው ምናብን እንዴት እንደሚያነብ የሚያስተምረው አላገኘምና የተረቱን በር ራሱ ሊያገኘው አልቻለም። የናቁት ነገር ሳይጠፋ፣ ያለ ጠባቂ ቀረ።

የታሪክ ዕዳ

ሦስተኛው መደርደሪያ እጅግ የተከበረ በመሆኑ እጅግ ያልተመረመረ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እውነተኛ ታሪክ መጻፍ ቀላል አለመሆኑን፣ ታሪክ ጸሐፊም የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ በሆነው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮና የጠራ የቋንቋ አገባብ እንደሚያስፈልገው አስገንዝበዋል። ይህ ሦስት ክፍል ያለው መመዘኛ ከመቶ ዓመት በኋላም የተሻለ አልተገኘለትም። በመንገድ ዳር ሸራ ላይ ከተዘረጉት «እውነተኛ ታሪኮች» ስንቶቹ ያልፉታል?

የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። ደብተራ ዘነብ ንጉሠ ነገሥቱን በአድናቆት ዓይን ጻፏቸው፤ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ወቀሳ በበዛበት ብዕር። ሁለቱም የዘመኑ ሰዎች ነበሩ። እውነቱ ከሁለቱ አንዱን መርጦ በመያዝ ሳይሆን ሁለቱን በማስተያየት የሚገኝ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የንጉሡን የውስጥ ሐዘን ለመሳል ተነሣ። እንባው በማንም ምስክር አልተቆጠረም፤ ደራሲው ግን የሚያቀርበው ልብ ወለድ መሆኑን አልሸሸገም። አንባቢውም ስሜትን ፈልጎ ስሜትን አገኘ። ከዚህ አጠገብ ደግሞ ንጉሡ በድንኳናቸው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው የተናገሩትን ቃል በቃል የሚጠቅስ፣ ከየት እንዳገኘው ግን የማይናገር «የታሪክ» መጽሐፍ ተዘርግቷል። ከሁለቱ አንባቢውን ያታለለው የትኛው ነው? ትጉው አንባቢ በደብተሩ ላይ ያሰፈረው ጥያቄ ልክ እዚህ ላይ ይሠራል፦ ይህን ማን አየ? ማንስ ሰማ?

እንዲያውም አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በጥልቀት ሲታዩ ተራ የፍቅር ድርሰቶች ሆነው ይገኛሉ፤ የሚፈቀረው የጸሐፊው የራሱ ወገን ነው። የራስ ወገን ጀግና እንከን የለውም፤ የሌላው ወገን ሰው ሁሉ ከዳተኛ ነው፤ ሽንፈት ሁሉ በተንኮል፣ ድል ሁሉ በጀግንነት የመጣ ነው። የቤት ኪራይ ከማይከፍለው የፍቅር ጀግና ይህኛው በምን ይለያል? ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የፍቅሩ መጽሐፍ ያታለለው አንባቢ ቢበዛ ያለቅሳል፤ የታሪኩ መጽሐፍ ያታለለው ግን ጎረቤቱን ይጠላል። ይህ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

በተቃራኒው በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ልብ ወለድ ነው፤ ፍቅርም አለበት። የቀይ ኮከብ ዘመቻን፣ የአሥመራን ውጥረት፣ የባለ ሥልጣኖቹን ጠባይ ግን በዚያው ወቅት ይወጡ ከነበሩት ይፋዊ መግለጫዎች ሁሉ አብልጦ አሳየ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። በዓሉ «ታሪክ ጻፍኩ» አላለም፤ ነገር ግን የታሪክን ዕዳ በሕይወቱ ከፈለ። ከዚህ በኋላ «ልብ ወለድ ምን ቁም ነገር አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ቢተወው ይሻላል።

ለሚነሣው ተቃውሞ

«ወረቀት ውድ ነው፤ ጊዜ አጭር ነው፤ ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው፤ ፍቅርና ተረት ኋላ ይደረስባቸዋል» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ይህ ተቃውሞ ቅንነት የጎደለው አይደለም። የመጽሐፍ ዋጋ የመምህር ኪስ ከሚችለው በላይ በሆነበት ጊዜ ምርጫ ግድ ይላል። ነገር ግን ምርጫው በዓይነት መሆን አለበት ማለት ሌላ ነገር ነው። ወረቀት ውድ ከሆነ አስቀድሞ መቅረት ያለበት ማስረጃ የሌለው «ታሪክ» ነው እንጂ ስሪቱን አጥርቶ የሚያሳየው የፍቅር ድርሰት አይደለም። ጊዜ አጭር ከሆነም አንባቢው በቶሎ መማር ያለበት መጽሐፍን መጠየቅ ነው፤ ይህንንም የሚማረው ወድዶ በሚያነበው መጽሐፍ ላይ ነው። ያልወደደውን ተገድዶ ያነበበ ተማሪ የሚማረው ለፈተና መሸምደድን ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «አንባቢው የወደደው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። «ወደድኩት» ማለት የፍርድ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የወደደ ሰው ለምን እንደወደደ፣ መጽሐፉ የትኛውን ዕዳ ከፍሎ የትኛውን እንዳስቀረ መናገር ይጠበቅበታል። ይሁን እንጂ «ወደድኩት» ለማለት የሚያፍር አንባቢ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ፈጽሞ አይደርስም፤ በአፉ የተከበረውን እያመሰገነ፣ በትራሱ ሥር የደበቀውን ያለ ሂስ እያነበበ ይኖራል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የተግባር ጥያቄ ነው። መምህራን ለክፍላቸው አንድ የፍቅር፣ አንድ ምናባዊና አንድ የታሪክ መጽሐፍ መርጠው በአንድ ሚዛን እንዲመዘኑ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ለዚህ ልዩ በጀት አያስፈልገውም። በየከተማው ያሉ የባህል ሠራተኞችና ካድሬዎች የንባብ ክበብ ሲያቋቁሙ የመጽሐፍ ዝርዝር ከማውረድ በፊት አባላቱ በእውነት ምን እንደሚያነቡ ይጠይቁ፤ መልሱን ሰምተው አይሳለቁ። ደራስያን የፍቅር ድርሰት ሲጽፉ ፍቅረኞቹ የሚኖሩበትን ቤት፣ ምናባዊ ድርሰት ሲጽፉ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን በር፣ ታሪክ ሲጽፉ ምስክራቸውን ያሳዩ። ሃያስያን ደግሞ ሳያነቡ መፍረድን ይተዉ።

ትጉው አንባቢ ክረምቱ ሲያበቃ የተዋሳቸውን መጻሕፍት ለባለቤቶቻቸው ይመልሳል፤ ደብተሩ ግን በእጁ ይቀራል። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት አንዲት ተማሪ ከደብተሯ ሥር የደበቀችው ልብ ወለድ ቢታየው ሊቀማት አይገባም። «ፍቅረኞቹ በምን ይተዳደራሉ? ይህንስ ማን አየ?» ብሎ ይጠይቃት። መልስ ካላት አንባቢ ሆናለች። ከሌላትም ጥያቄውን ይዛ ወደ መጽሐፏ ትመለስ።